ጠላ ሻጯን ልሆን ሄጄ

ማስታወቂያው ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር፣ ምሳ የምበላበት ካፌ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። የከተማችን ወጣቶች ሙዚቃዊ ቲያትር ሊሠሩ ነውና ድምፅ ያለው ነዋሪ ሁሉ፣ ዕድሜ ሳይለይ፣ መጥቶ ይፈተን ይላል። ዕድሜ ሳይለይ የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኋት። ተመልሼ ገብቼ ስቀመጥ ያዘዝሁት ሽሮ ቀዝቅዞ ነበር።

ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ጠላ ሻጭ ናት። ወደቡ ዳር ጠላ እየቀዳች፣ ዓሣ አስጋሪዎቹን እየተረበች፣ እየዘፈነች የምትውል ሳቂታ ሴት። በዚያን ሰሞን ከምንም በላይ የምፈልገው እሷን መሆን ነበር። ቀልዴን አይደለም። ይህችን ሴት ካልሆንሁ አብዳለሁ ብዬ አምኜ ነበር።

ምክንያቱን ልናገር። ባሌ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነበር። ለሥራ ከጣና ማዶ ደልጊ እንደሄደ በግጭቱ መንገዱም ተዘጋ፣ ጀልባውም ቆመ፣ ስልኩም ጠፋ። እዚያው ታመመ፣ እዚያው ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት። እኔ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ፣ ዛሬ ነገ ይመጣል እያልሁ ሸሚዞቹን አጥቤ እተኩስ ነበር። መርዶው የደረሰኝ ነገሩ ከሰነበተ በኋላ ነው። የእድር ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ጎሕ ሲቀድ በሬን አንኳኩ። ከተማው ራሱ ጭንቅ ላይ ስለነበር ድንኳን አልተተከለም፤ ሰውም ተሰብስቦ አላመሸም። ሁለትም ሦስትም እየሆኑ መጥተው «እግዜር ያጥናሽ» ይሉና ሳይመሽባቸው ወደየቤታቸው ይጣደፋሉ። አስከሬን የለ፣ ቀብር የለ፣ ድንኳን የለ። እኔም አላለቀስሁም። እምቢ ብዬ አይደለም፤ እንባው አልመጣም። ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር እንደ ድስት ክዳን ገጠመና በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ድምፄ ከሹክሹክታ አላለፈም። በምሠራበት ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ በመስኮት የማስተናግዳቸው ተማሪዎች «ምን አሉ?» እያሉ ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋሉ። ድሮ እኮ በትምህርት ቤት ኪነት ቡድን ስዘፍን ያለ ማይክ የምሰማ ሰው ነበርሁ። ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ጉሮሮሽ ደህና ነው አለኝ። ደህና ከሆነ ታዲያ ድምፄ የት ሄደ ብዬ ስጠይቀው፣ ሻይ በማር ጠጪ አለኝ። ሻይ በማር ጠጣሁ። ማሩ አለቀ፤ ድምፄ ግን ያው ነው።

ቤት ደግሞ የባሌ ታላቅ እህት አሉ። ከመርዶው በኋላ ብቻዬን እንዳልሆን ብለው ከዘጌ መጥተው አብረውኝ ይኖራሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ብርድ ልብሱን ለእኔ ትተው በጋቢ የሚተኙ ናቸው። ግን ወንድማቸው ሳይለቀስለት መቅረቱን ይዘውብኛል። አፍ አውጥተው አይናገሩትም። ራት ሲቀርብ ዝም፣ ሲበላ ዝም፣ ሲነሣ ዝም ነው። በቤታችን ውስጥ ድምፅ ያለው ማቀዝቀዣው ብቻ ነበር። እኔ ጠላ ሻጯን የፈለግኋት ከዚህ ዝምታ የምታወጣኝ መስሎኝ ነው።

ልፈተን መሆኑን ስነግራቸው ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ባልሽን ያላለቀስሽ ሰው ለቲያትር ልትዘፍኚ ነው?» አሉኝ።

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው። የጠላኋቸው ደግሞ የተናገሩት እውነት ስለሆነ ነው።

እስከ ፈተናው ድረስ ከሥራ ስወጣ ወደ ጣና ዳር እየሄድሁ ተለማመድሁ። እምቦጭ የወረሰው ጥግ ላይ ሰው አይበዛም። አፌን እከፍታለሁ፤ የሚወጣው ግን አሮጌ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነው። አንድ ቀን የደንገል ታንኳውን የሚጠግን ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና «አሞሻል እንዴ?» አለኝ። እየዘፈንሁ ነው ማለት አፈርሁ። አዎ ትንሽ አሞኛል ብዬው ሄድሁ።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ነበር። በረንዳው በወጣት ተሞልቷል። አንዱ በስልኩ ሙዚቃ ከፍቶ ጉሮሮውን ያሟሻል፣ ሌላዋ ከንፈሯን ትቀባለች። እኔን ሲያዩ ተነሡና «እማማ፣ ይቀመጡ» ብለው ወንበር ለቀቁልኝ። አርባን ገና መርገጤ ነው። አክብሮታቸው እንደዚያን ቀን አናዶኝ አያውቅም።

ዳይሬክተሩ በቲያትር የተመረቀ፣ ቀጭን፣ ጨዋ ልጅ ነው። ምን መሥራት እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ ጠላ ሻጯን አልሁት። ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ ዜማውን ጀመረ። የመጀመሪያው መስመር ትንፋሽ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው መሐል ላይ ተሰበረ። ከበረንዳው ሳቅ ተሰማኝ። ዳይሬክተሩ ትንሽ ከፍ ያድርጉት ብሎ እንደገና አስጀመረኝ። እንደገና ተሰበረ። ኦርጋኑ ቆመ። ዳይሬክተሩ እንዴት ብሎ እንደሚያሰናብተኝ ሲቸገር ይታየኛል፤ አመሰግናለሁ ሊለኝ አፉን ሲከፍት ቀደምሁት።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጄ» አልሁት። «እባክህን።»

ሰው ፊት ቆሜ በዕድሜ ልጄ የሚሆንን ሰው መለመኔ የመጀመሪያዬ ነው። ሳያዝንልኝ አልቀረም፤ ሌላ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ለዚህኛው ከፍ ያለ ድምፅ አያስፈልግም፣ ባሏን ሐይቅ የበላባት ሴት ናት አለኝ። እሷን አልፈልግም አልሁት። እንዲያው ለሙከራ ያህል ብሎ ለመነኝ።

ወረቀቱን አነበብሁት። ግጥሙ ሐይቁን ይወቅሳል፣ ማዕበሉን ይረግማል፣ ሰማዩን ለምን ይላል። የሞተውን ሰውዬ ግን አንዴ እንኳ አይጠራውም። ንዴቴ መጣ። ለቅሶ ላይ ማን ሰማይ ያናግራል? የሚናገሩት ለሟቹ ነው፤ የሚነሣው አገባቡና አወጣጡ፣ የሚወደው ነገር፣ ሳይጨርሰው የሄደው ሥራ ነው። ይህንኑ ልነግረው ወረቀቱን አስቀመጥሁ፤ ይህ እንዲህ አይባልም ልለው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

ማዶ የተኛኸው የሐይቁ ጎረቤት፣
መቼ ትገባለህ፣ እራት ቀርቧል ከቤት።

ያ ክዳን ሲነሣ ታወቀኝ። ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም፤ ወፍራም ነው፣ ሻካራ ነው፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ ይመልሰዋል። ደረቴን መታሁ።

ጀልባው ሁሉ መጣ፣ ሰው ሁሉ ወረደ፣
የኔው ብቻ ቀርቶ ከማን ጋራ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያልሁትን አላስታውሰውም። የተኮስሁለትን ሸሚዝ እየቆጠርሁ መሰለኝ።

አዳራሹ ከእድሩ ዕቃ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። በዚያን ሰዓት የእድሩ ሴቶች ድስትና ትሪ ያጥቡ ኖሯል። እኛ ዘንድ ለቅሶ የሰማ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። እጃቸው ሳሙና እንደሆነ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ወይኔ፣ ወይኔ» እያሉ በአዳራሹ በር ገቡ። ሱቋን ሳትዘጋ የመጣች ሙስሊም ነጋዴም አብራቸው ነበረች። ወጣቶቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። አንዱ ስልኩን ቀስሮ ሲቀርጸኝ፣ ከሴቶቹ ትልቋ በእርጥብ እጃቸው ስልኩን ወደ ታች ገፉት።

ለቅሶው ትንሽ በረድ ሲል እኚያው እናት ዞር ብለው ማን ነው የሞተው ብለው ጠየቁ። ዳይሬክተሩ እንባውን እየጠረገ፣ እናቶች ይቅርታ፣ ይሄ እኮ ቲያትር ነው ማለት ጀመረ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ሳይሞት የሚለቀስ ለቅሶ ሟርት ነው፤ ሰው ያላገጠባቸው መሰላቸው። አንደኛዋ ነጠላዋን ልትመልስ እጇን አነሣች።

«ባሌ ነው» አልሁ።

«መቼ?» አሉኝ ትልቋ።

«ካቻምና።»

ትክ ብለው አዩኝ። ስድቡን ጠበቅሁ፤ የሚገባኝም መሰለኝ። እሳቸው ግን አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ።

«ታዲያ እስካሁን የት ሆነሽ ነው፣ ልጄ?»

ይህን ሲሉኝ እንደገና አለቀስሁ። ይህኛው ግጥም የለበትም።

ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሄድም ብለው እስከ ቤቴ ሊሸኙኝ ተነሡ። ተዉ ብላቸውም አልሰሙኝ። ዘንባባው ስር ነጠላ አዘቅዝቀን፣ እኔን መሐል አድርገን ስንሄድ፣ ባጃጆች ፍጥነት እየቀነሱ ያሳልፉናል፤ የማያውቁኝ ሰዎች ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። አብሮን የሚሄድ ሬሳ ግን የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የናፈቀኝ ይህ እንደሆነ ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው። ጠላ ሻጯ ትዝም አላለችኝ።

የግቢውን በር የከፈቱት የባሌ እህት ናቸው። ሴቶቹን አዩ፣ ነጠላውን አዩ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ደግሞ ማን ሞተብን?» አሉ።

«ወንድምዎ ነው፣ እታለም» አልኋቸው።

የበሩን መቃን ያዙ። ዓይኔን አዩት፣ አብጧል። ከዚያ ያ ሁሉ ዝምታቸው ተቀደደ። ዘጌ ላይ በልጅነቱ ቡና ሲለቅም ከዛፍ ወድቆ በጀርባቸው አዝለው ያመጡትን እያነሡ አለቀሱት፣ እኔ የማላውቀውን ልጅ። እኔም እሳቸው የማያውቁትን ሰውዬ እየጠራሁ አለቀስሁት። ጎረቤት ሰምቶ ገባ። አንዱ ፍራሽ አወረደ፣ አንዱ ወንበር ከየቤቱ ሰበሰበ። ድንኳን ባይኖርም ግቢው ሞላ።

በማግስቱ፣ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ስልኬ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ነው። የሟች ሚስት ሆኜ እንድሠራ ሁሉም ተስማምተዋል፤ ሰኞ ልምምድ ይጀመራል፤ ልክ እንደ ትናንቱ አድርጌ እንድደግምላቸው ብቻ ነው የሚፈልጉት። ልመልስለት አፌን ከፈትሁ። ከለቅሶው ብዛት ድምፄ ጭራሽ ተዘግቷል፤ ሹክሹክታው እንኳ የለም። እንደ ሞኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ቀረሁ።

እታለም ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«ሐዘን ላይ ናት» አሉት ረጋ ብለው። «ባሏ ሞቶባታል። ሣልስቱ ሳይወጣ የትም አትሄድም።»