የአራት ሰዓቱ ወንበር

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ አንድም አይገኝም ነበር። ሁሉም የሚጠራት «እትዬ አጉሊ» እያለ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጋዜጣው ቤት በታይፒስትነት ገባች። ሁለት ዓመት ሠርታ ከጽሕፈት መኪናው ተነሳችና አራሚ ሆነች፤ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጉሊ መነጽሯን ከኪሷ ሳትለይ የሰው ስህተት ስትለቅም ኖረች። ዓይኗ የዋዛ አልነበረም። አንድ ገጽ ሲሰጧት ከመጨረሻው ቃል ጀምራ ወደ ኋላ ነው የምታነበው። «ከፊት ካነበባችሁት ታሪኩ ይዟችሁ ይሄዳል፤ ስህተቱ በጎን ሾልኮ ያመልጣል» ትላለች። የማተሚያ ክፍሉ ሰዎች ደግሞ የተገለበጠ ፊደል ማንበብ አስተምረዋት ስለነበር፣ መስታወት ውስጥ የታየ ጽሑፍ ለእሷ እንደማንኛውም ጽሑፍ ነው።

ኋላ ጋዜጣው መታተም አቆመና ሁሉም ነገር ወደ ኢንተርኔት ገባ። የማተሚያው አዳራሽ ተቆለፈ። እኩዮቿ አንድ በአንድ ተሰናበቱ። እሷ ግን «ገና ዓይኔ ያያል፤ ምን ቆርጦኝ ቤት እቀመጣለሁ?» አለችና ልጆቿ ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር ሦስት ወር ሥልጠና ገባች። ጣቷ ስልክ ላይ እንደ ዶሮ ሲለቅም እየሳቁ አስተማሯት፤ አንድ ፎቶ ከዚህ በፊት የት እንደወጣ ማፈላለግ፣ ጥላ አይቶ ሰዓት መገመት፣ በፋይሉ ውስጥ የተደበቀውን የቀንና የስልክ መረጃ ማውጣት። ሁሉም ለመለጠፍ ሲጣደፍ እጅን ሰብስቦ መቀመጥን ግን ያስተማራት የለም፤ እሱን ይዛው ነው የመጣችው። ሥልጠናው ሲያልቅ የፎቶና የቪዲዮ አጣሪ አደረጓት።

በሦስተኛው ዓመቷ ላይ የተመልካች መልዕክቶችን የሚያየው ወጣት ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደና ያም ጠረጴዛ ለእሷ ተደረበላት። ሰኞ ጠዋት የመልዕክት ሳጥኑን ስትከፍተው አራት ሺህ ያልተነበበ መልዕክት ተቆልሎ ጠበቃት። «ይሄ ልጅ ሲሠራ የነበረው ምንድን ነው?» አለች ለብቻዋ።

ልክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ፎቶ ገባ። ጽሑፍ የለውም፤ የላኪ ስም የለውም። መስኮት አጠገብ የቆመ የእንጨት ወንበር ነው፤ ሰው አልተቀመጠበትም። ወደ ቆሻሻው ጣለችው። ማክሰኞም ልክ በአራት ሰዓት ያው ወንበር መጣ። አንድ ፎቶ የሚደጋግም ማሽን መስሏት ልታጠፋው ስትል ዓይኗ ቆመ። የትናንቱን አውጥታ ከዛሬው ጎን አደረገችው። የመጋረጃው እጥፋት አንድ አይደለም። ወንበሩም ወደ ግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ተጠግቷል። የፋይሉን መረጃ ስታወጣ ሁለቱም በአንድ ስልክ፣ እያንዳንዳቸው በየቀናቸው፣ በአራት ሰዓት የተነሱ ናቸው።

«ማን ነዎት? ምን ልናግዝዎ እንችላለን?» ብላ ጻፈች። መልስ አልመጣም።

ረቡዕ አራት ሰዓት ሲሞላ ሳይታወቃት እየጠበቀች ነበር። ፎቶው መጣ። ወንበሩ ዞሯል። ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ እንደሚያያት ሰው ቆሟል፤ መደገፊያው ላይ ሰማያዊ ክራባት ተንጠልጥሏል።

ከዚያ ላኪ የመጣውን ሁሉ በአንድ ላይ አስወጣችና እንደ ልማዷ ከኋላ ወደ ፊት መሄድ ጀመረች። ዘጠና ሰባት ፎቶ ነው። ስልሳ አንዱ ባዶ ወንበር። ከዚያ በፊት ባሉት ሠላሳ ስድስት ላይ ግን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ሾጠጥ ያለ፣ ቅንድባቸው የተገጣጠመ፣ ያንኑ ሰማያዊ ክራባት ያሰሩ። በአንዱ ላይ «አመሰግናለሁ» የሚል ወረቀት ይዘዋል። በሌላው ላይ «ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል፣ አትስጉ» ይላል። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ስትደርስ ከሥሩ ጽሑፍ አገኘች።

«ለአዘጋጆቹ። ጋዜጣችሁን አርባ ዓመት አንብቤያለሁ። አሁን የምኖረው ብቻዬን ነው። ስልኬ በየቀኑ በአራት ሰዓት ራሱ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ አስደርጌዋለሁ። ወንበሩ ላይ ካላያችሁኝ እባካችሁ ሰው ላኩ።»

ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የመሥሪያ ቤቱ ማሽን በራሱ የሚልከው መልስ አለ። «መልዕክትዎ ደርሶናል። ስለሚከታተሉን እናመሰግናለን።» ዘጠና ሰባት ጊዜ። ሽማግሌው ወረቀት ይዘው ሲያመሰግኑ የኖሩት ይህንን ነው።

ዋና አዘጋጇ ሠላሳ ዓመት ያልዘለላት፣ ፈጣንና ቅን ልጅ ነበረች። እትዬ አጉሊ ያመጣችላትን አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ስልሳ አንድ ቀን?» አለች። «እትዬ፣ ሰውየው ከሌሉ ወንበሩን የሚያዞረው ማን ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምለው፣ ልጄ።»

አድራሻ የለ፣ ስም የለ። እትዬ አጉሊ ፎቶውን ከታች ቀኝ ጥግ ጀምራ ጣት በጣት አነበበችው። ወለል፣ የወንበር እግር፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ ጫፍ፣ ግድግዳ። ግድግዳው ላይ መስታወት ያለው የተሰቀለ ሥዕል አለ፤ መስታወቱ ውስጥ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ነገር ደብዘዝ ብሎ ይታያል። አጎላችው። ቀይ ቀለም፣ የተገለበጠ ፊደል። እሷ ሳትገለብጠው አነበበችው፤ «ማተሚያ ክፍል» ይላል።

የራሳቸው ሕንፃ የጀርባ ግድግዳ ነበር። ማንም ሳያነሳው የቀረ የድሮ ጽሑፍ።

ከመሥሪያ ቤቱ ወጣት ቪዲዮ ቀራጭ ጋር በኋላ ደረጃ ወርደው፣ በተቆለፈው አዳራሽ በኩል አልፈው ወደ ጀርባው ጠባብ መንገድ ወጡ። ቀና ሲሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግማሹ የተከፈተ መጋረጃ አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራችበት ቤትና ያ መስኮት አንድ መንገድ ነበር የለያቸው።

በሩን አንኳኩ፤ መልስ የለም። ወጣቱ ጆሮውን ለጥፎ «ጸጥ ነው» አለ። እሷ ስልኳን አውጥታ ወደዚያው አድራሻ «በርዎ ላይ ነን» ብላ ላከች። ከበሩ ወዲያ፣ ከባዶው ቤት ውስጥ፣ «ጢን» አለ።

ቪዲዮ ቀራጩ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ወረደ። «እትዬ፣ እንሂድ በፈጠረሽ» አለ፤ አንቱታውን እንኳ ረስቶታል።

ታች ያለው ዘበኛ በዚያ ወር የተቀጠረ ነው። «ከሰዓት በኋላ ሰው የለም፤ ጠዋት ጠዋት ብርሃን በበሩ ሥር አያለሁ። ማን እንደሆነ ግን እንጃ» አላቸው።

በማግስቱ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተመልሰው አንኳኩ። የሚጎተት እግር ተሰማ። በሩ ሲከፈት እትዬ አጉሊ ቆሌዋ ተገፈፈ። ያ ሾጠጥ ያለ ፊት፣ ያ የተገጣጠመ ቅንድብ፣ ፎቶው ላይ ያየችው ሰው ራሱ ቆሞ ያያታል። ቀሚስ መልበሱን ያስተዋለችው ቆይታ ነው። አሮጊት ነበሩ።

«እናንተ ናችሁ?» አሉ፣ ቀጠሮ እንደያዘ ሰው። «ግቡ፣ ግቡ። ሰዓቱ እየደረሰ ነው። በዚህ በኩል እለፉ፣ ከፊቱ እንዳትቆሙ።»

ክፍሉ ንጹሕና ቀዝቃዛ ነበር። ስልኩ ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ቆሞ፣ ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ፣ ወደ ወንበሩ ያያል። አሮጊቷ ከካሜራው ዓይን ውጭ ባለች ዱካ ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን አጣጠፉ። ሁለቱ እንግዶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ስልኩ «ቀጭ» አለ። ጥቂት ቆይቶ «ጢን»።

አሮጊቷ ተነስተው መነጽራቸውን አደረጉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «መልዕክትዎ ደርሶናል። ስለሚከታተሉን እናመሰግናለን።» ዞር ብለው ፈገግ አሉ። «አያችሁ? ማዶ ያሉት ሰው አንድ ቀን እንኳ ቀርተው አያውቁም።»

እትዬ አጉሊ በዚያ ሰዓት መንገዱን ተሻግሮ የቆመውን ባዶ ጠረጴዛዋን አሰበች። መልሱ ከዚያ ነበር የመጣው፤ ወንበሯ ላይ ማንም ሳይኖር።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሴትየዋ የሽማግሌው መንታ እህት ናቸው። ወንድምየው ከወንበሩ ጎን ባለው የወጥ ቤት በር ላይ ወድቀው በሦስተኛው ቀን ጎረቤት አገኛቸው፤ ሐኪሙ «ወዲያው ነው ያረፉት፣ አልተሰቃዩም» አላቸው። እህትየው ቤቱን ሊያጸዱ ሲመጡ ስልኩ «ቀጭ» አለ፤ ምስጋናውም መጣ። «ማዶ አንድ ደግ ሰው አለ ብዬ፣ ያለ መልስ ልተወው አልቻልኩም» አሉ። «በየቀኑ እየመጣሁ ወንበሩን እወለውላለሁ። ቦታው የእሱ ስለሆነ እኔ አልቀመጥበትም። ማን ነዎት ስትሉ ጊዜ ደግሞ መልስ መጻፉን አላውቅበትም፤ ወንበሩን አዞርኩላችሁና ክራባቱን አደረግሁላችሁ። ያውቁታል ብዬ።»

ቪዲዮ ቀራጩ ወለሉን አየ። እትዬ አጉሊ ዝም ብላ መውጣት ትችል ነበር።

«እማማ» አለች፣ «የሚመልስልዎ ሰው አይደለም። ማሽን ነው፤ ለማንም ይኸንኑ ይልካል። የወንድምዎን መልዕክት እስከ ትናንት ድረስ የከፈተው ሰው አልነበረም።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድም ቀን?» አሉ።

«አንድም ቀን።»

«እኔ እኮ ለዚያ ሰው ስጸልይለት ነበር።» ተነስተው በሩን ከፈቱ። «አሁን ሂዱልኝ፣ ልጄ።»

ዓርብ ፎቶ አልመጣም፤ አሮጊቷ ስልኩን አጥፍተውት ይሆናል። ቅዳሜም እሁድም አልመጣም፤ እሷ ግን በእረፍት ቀኗ ሳይቀር ቢሮ ገብታ ጠበቀች። ዋና አዘጋጇ ያን የማሽን መልስ አስነቅላ ነበር። አንድ ሁለት ሰዎች «ይሄ እኮ ዓለም የሚያወራው ታሪክ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ እናውጣው» ብለው ጎተጎቱ። «የታሪኩ ባለቤት ሳይፈቅዱ አንድ መስመር አይወጣም» አለች እትዬ አጉሊ፤ «ከወጣም የእኛ ጥፋት ከላይ ይጻፋል።»

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሳጥኑ ብልጭ አለ። ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጧል። ለአንድ አፍታ ሽማግሌው ተመልሰው የመጡ መስሏት ጮኸች። እህትየው ነበሩ። ወረቀት ይዘዋል፤ «የሚያይ ሰው ካለ እጁን ያሳየኝ» ይላል። እትዬ አጉሊ ግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በቀኟ ፎቶ አንስታ ላከችላቸው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በአራት ሰዓት አሮጊቷ ወንበሩ ላይ አሉ፤ መልሱም ከሰው ይሄዳል። እትዬ አጉሊ ስትታመም ቪዲዮ ቀራጩ ይመልሳል፤ በእረፍት ቀኗ ደግሞ ራሷ ቤታቸው ሄዳ ትጠይቃቸዋለች። ከሁለት ወር በኋላ ታሪኩ በፈቃዳቸው ወጣ፣ ጥፋቱም ከላይ ተጻፈ።

ለዚያ ጽሑፍ ነበር ፎቶዎቹን ሁሉ እንደገና ያየቻቸው። ሠላሳ ሰባተኛው የመጀመሪያው ባዶ ወንበር ነው። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ወንበሩ ወደ ፎቶው ጠርዝ ዘንበል ብሏል። እህትየው ገና ያልመጡበት፣ በሩ ያልተከፈተበት ቀን ነው። ወደ ወንበሩ እግር አጎላችው። ከጠርዙ ገብተው እግሩን የጨበጡ አራት ጣቶች ነበሩ። ሠላሳ ዘጠነኛው ላይ የሉም። ሐኪሙ ግን «ወዲያው ነው ያረፉት» ብሎ ነበር።

ፎቶውን ዘጋችው። ለዋና አዘጋጇም አልነገረችም፤ ጽሑፉም ውስጥ አልገባም።

አንድ እሁድ ከሰዓት እህትየው ቤት ተቀምጠው ሳሉ አሮጊቷ ድንገት «በእነዚያ ሦስት ቀናት የላከውን አይተሽዋል?» አሏት።

«አይቼዋለሁ፣ እማማ።»

«ምን ነበረበት?»

«ወንበሩ ብቻ» አለች።

አሮጊቷ በወንድማቸው ፊት፣ በወንድማቸው ዓይን፣ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ተነሱና ውሃ ቀዱላት።