ቫዮሊኔና የየኔታ መቋሚያ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ ቫዮሊን ተጫዋች ነኝ እላለሁ። ቪየና ላይ፣ ኦስሎ ላይ፣ ቶኪዮ ላይ ይህ በቂ መልስ ነው። ደባርቅ ላይ ግን አይበቃም። አባቴ የዜማ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም ልጃቸው ሆኜ ከየኔታ በቀር ጠርቻቸው አላውቅም። ጎረቤት «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ሲላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ውጭ አገር ናት፣ ደህና ናት።» ሃያ ዓመት ሙሉ ደህና ነበርኩ። ምን እንደምሠራ ግን አንድም ቀን ከአፋቸው አልወጣም። መጀመሪያ ቫዮሊኑን ይዤ የመጣሁ ጊዜ «ይህቺ ማሲንቆ ስንት ክር አላት?» አሉኝ። «አራት» አልኳቸው። «ብዙ ነው» አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ።

እናቴ ትሻላለች፤ እሷ ቢያንስ ትጠይቃለች። አንዴ በስልኬ ኮንሰርት ባሳያት «ምነው ሰዉ ሁሉ ዝም አለ? ጠሉሽ እንዴ?» አለችኝ። ማዳመጣቸው ነው ብዬ አስረዳኋት። ከኋላዬ የተቀመጡትን የኦርኬስትራ ሰዎች እያየች ደግሞ «እኒህስ ምን ያነባሉ?» አለች።

«ኖታ ነው፤ ዜማው የተጻፈበት ወረቀት።»

«ይህ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ በቃሉ የያዘ ይጥፋ!» አለችና እየሳቀች ለየኔታ ልትነግር ሄደች። የኔታ ስልኩን ዞር ብለው አላዩትም።

እውነቱን ልናገር፣ ቫዮሊን የያዝኩት በንዴት ነው። ልጅ ሳለሁ ከጉባኤ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ እየተቀመጥኩ ተማሪዎቹ የሚያዜሙትን በቃሌ ይዤ ነበር። የየኔታ አስተማማር የታወቀ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ያዳምጣሉ፤ ተማሪው ከሳተ መሬቱን በመቋሚያው አንዴ ጠቅ ያደርጉታል። ንግግር የለም። ተማሪውም የሳተበት ቦታ አይመለስም፤ ከመጀመሪያው ይነሳል። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ቃሉ ጠፍቶበት ሲንተባተብ ከጀርባ ሆኜ ቀጠልኩለት። በኋላ የኔታ ጠሩኝና «ጆሮስ አለሽ» አሉኝ። «ወንድ ብትሆኚ አስተምርሽ ነበር።» ምነው ባልጠሩኝ! ቫዮሊን ያስያዘችኝ ያቺ ቃል ናት። የትም አዳራሽ ቆሜ ሰው ሲያጨበጭብልኝ እሳቸው አንዴ እንኳ ሰምተውኝ አለማወቃቸው ትዝ ይለኛል።

አምና ጥር ላይ በሁለት ኮንሰርቶች መካከል አሥር ቀን አግኝቼ ወደ ቤት መጣሁ። ከኦርኬስትራ ጋር የምጫወተው ድርሰት፣ ኮንቼርቶው፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ ረጋ ብሎ የሚወርድ ቦታ አለው። የኦርኬስትራው መሪ እዚያ ጋ ትቸኩያለሽ ብሎ ሁለቴ ነግሮኝ፣ ሁለቴም ተኳርፈናል። ለእኔ ማን ይነግረኛል! ልምምድ ግን አይቀርምና ጓዳ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ከገብሱ ጆንያ አጠገብ ቆሜ መጫወት ጀመርኩ። ከሊማሊሞ የሚወጣው ብርድ ክሩን በየሰዓቱ ያላላብኛል፤ እቃኛለሁ፣ እጫወታለሁ፣ ደግሞ እቃኛለሁ። ከግድግዳው ማዶ የኔታ ያስተምራሉ። ሦስት ቀን እንዲህ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ያ ቦታ ላይ ስደርስ ከማዶ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዱ ተማሪ ሳተ አልኩ። ደገምኩት፤ እዚያው ላይ ጠቅ። ሦስተኛ ጊዜም እንደዚያው ሲሆን ደሜ ፈላ። እነዚህ ተማሪዎች እኔን ጠብቀው ነው እንዴ የሚስቱ? በሩን በርግጄ ወጣሁ።

ግቢው ባዶ ነበር። ተማሪዎቹ ቁራሽ ሊለምኑ በየመንደሩ ወጥተዋል። የኔታ ብቻቸውን መደቡ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ መቋሚያው በጉልበታቸው መሃል ቆሟል።

«የኔታ፣ ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ቸኮልሽ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጠኑኝ ኖረዋል! ለመሪው የመለስኩለትን ሁሉ ልመልስላቸው ፈልጌ ነበር። «እሺ፣ ከየት ልነሳ?» ብቻ አልኩ።

«ከመጀመሪያው ነዋ!»

ገባሁ። ኮንቼርቶውን ከመጀመሪያው ተነሳሁ። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ ተጫውቼ አላውቅም፤ ቶኪዮ ላይ እንኳ። ጠቅ አደረጉ። እንደገና ከመጀመሪያው። ደግሞ ጠቅ። እናቴ ምሳ ቀረበ ብላ ብትጠራ ሁለታችንም አልሰማናትም። በአምስተኛው ያ ቦታ ደረሰ፤ ትንፋሼን ውጬ ቀስ ብዬ ወረድኩት፣ መቋሚያው ዝም አለ። እስከ መጨረሻው ዝም አለ። ስወጣ «ነገም ከዚያው ነሽ» አሉኝና ምሳቸውን ሊበሉ ገቡ። የቀሩትን ቀኖች በሙሉ እንዲሁ አሳለፍን፤ እኔ ጓዳ፣ እሳቸው ግቢ፣ ግድግዳው በመካከላችን።

የመሄጃዬ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ የደብሩ አለቃ መጡና ከመስኮቱ ሥር ከቆሙት ከየኔታ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ።

«ይህቺ የውጭዋ ልጅዎ አይደለችም? ምንድን ነው የምትሠራ?» አሉ አለቃ።

እኔ መልሱን በልቤ ቀድሜ ብዬዋለሁ፤ ደህና ናት። የኔታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ተማሪዬ ናት» አሉ። «ትንሽ ትቸኩላለች እንጂ።»

አውቶቡሱ ተነሳ። ዳባት እስክንደርስ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት እናት ደንግጠው «ውይ ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» ሲሉኝ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ።