የፈጠጋር ልዑል የሆንኩበት ክረምት

ልዑል የሆንኩት በቁመቴ ነው። ችሎታዬን አይቶ የመረጠኝ ሰው የለም፤ የሚታይ ችሎታም አልነበረኝም። ሃያ ዓመቴ ነበር። በሥራ ቀን ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ሰነድ አዘጋጃለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ አዳማ ውስጥ ከአንድ አማተር የቲያትር ቡድን ጋር እውላለሁ። በቡድኑ ውስጥ ሥራዬ መጋረጃ መሳብ ነበር። እሱንም አንድ ጊዜ ያለ ሰዓቱ ስቤው፣ ንጉሡን ሙዝ ሲልጥ ለተመልካች አሳይቻለሁ።

የዚያን ክረምት የምንለማመደው ስለ ድሮ ነገሥታት ነበር። የጻፉትም የሚያዘጋጁትም ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ እንደነገሩን የዚያ ዘመን ነገሥታት አንድ ቦታ ተቀምጠው አይገዙም፤ ድንኳናቸውን ይዘው ከአገር አገር ይዞራሉ። «ፈጠጋር ሲባል የምትሰሙት አገር ደግሞ ይሄው እኛ የቆምንበት አካባቢ ነው» ይሉና የአዳራሹን ሲሚንቶ በከዘራቸው መታ መታ ያደርጉታል። ስለዚህ ከሰፈር እድር ድንኳን ተዋስን። የእድሩ ስም በግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም በትልቁ ተጽፎበታል። ጋሻ ሰቅለን ሸፈንነው፤ ጋሻው ግን «መረዳጃ» የሚለው ቃል ላይ አልደረሰም።

የቲያትሩ ታሪክ ቀላል ነው። ንጉሡ ሴት ልጃቸውን ለሩቅ አገር ገዢ ሊድሩ ይነሳሉ፤ እሷ ግን የፈጠጋርን ልዑል ትወዳለች። ንጉሡን የሚጫወተው ሰውዬ ቃል መያዝ አይሆንለትም ነበር። ጋሼ «የዚያ ዘመን ንጉሥ ከመጋረጃ ጀርባ ነው የሚቀመጠው» ብለው አዳኑት። እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀቱን ያነባል፤ ከፊት ደግሞ አፈ ንጉሡ ቆሞ ቃሉን ለሕዝብ ያሰማለታል። አፈ ንጉሡ ከአርሲ የመጣ የሕግ ተማሪ ነው፤ ድምፁ ያማረ፣ መልኩም ያማረ፣ ጠባዩ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ያማረ። ያለ አንዳች ጥፋቱ ሦስት ወር ሙሉ ጠምጄ ይዤው ነበር።

ልዑሉን ይጫወት የነበረው ወጣት በሰኔ መጨረሻ የጭነት መኪና ሥራ አግኝቶ ጅቡቲ መስመር ገባ። ጋሼ ተራ በተራ ሁላችንንም ቃኙንና ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ።

«አንቺ፣ እስቲ ተነሺ።»

ተነሳሁ። ቁመቴ ተነስቼ ካበቃሁ በኋላም ገና እየተነሳሁ ያለሁ የሚያስመስል ነው።

«ድምፅሽንም አሰሚን።»

«ምን ልበል ጋሼ?» አልኩ፣ በዚያ ጉንፋን የያዘው በሚመስል ድምፄ።

«በቃ፤ ይበቃል» አሉ። ልዑል ሆንኩ።

ልዕልቷ በሃያ አንድ ዓመቷ ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አባቷ ገበያው ጋ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ልብሳችንን ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት፤ ከሱቁ የተረፈ ቁርጥራጭ እያመጣች። ስትስቅ አፍንጫዋን በእጇ ትሸፍናለች። ስትቆጣ ግን ምንም አትሸፍንም። እስከዚያ ቀን ድረስ ከመጋረጃው ጥግ ሆኜ አያታለሁ፤ የማያት ትወናዋን ስለማደንቅ ነው ብዬም ከልቤ አምን ነበር። ራሴን በማታለል ረገድ ያኔም ሆነ አሁን የሚስተካከለኝ የለም።

ያመንኩት ነገር የፈረሰው በዓይን ኩል ነው። ጋሼ ልዑል ጢም ያስፈልገዋል አሉ፤ እሷም ከቦርሳዋ ኩል አወጣችና አገጬን ያዘች።

«አትንቀሳቀሺ።»

«አልተንቀሳቀስኩም።»

«ከንፈርሽ ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«ብርድ ነው» አልኳት። አዳማ ላይ፣ በቀትር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። ጣሪያውን አየችና ጢሙን ጨረሰችው። የግራው ወደ ጆሮዬ ሄዷል፤ የቀኙ አፍንጫዬ ሥር ቆሟል። ቤት ስገባ እናቴ አይታኝ «ኢንተላ ኮ፣ ፊትሽን ማን መታሽ?» አለችኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለቷ ነው። ማንም እንዳልመታኝ ነገርኳት፤ ይሄ ግን እውነት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን መናገር ያሳፍረኛል። ልዑሉና ልዕልቷ ብቻቸውን የሚገናኙበት ትዕይንት አንድ ገጽ ነበር። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መስመር እየጨመርኩ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ የጎደለ ይመስለኛል» እያልኩ፣ መስከረም ሲጠባ አራት ገጽ አደረስኩት። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ «ይሄ ልዑል ወሬ አበዛ፤ አገሩን መቼ ሊገዛ ነው?» አሉ። ግን አልሰረዙትም።

የምጽፈው ቢሮ ውስጥ፣ በተበላሹ የኮንቴይነር ዝርዝሮች ጀርባ ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ አለቃዬ ጠሩኝ። የማይስቁ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። ፊታቸው የጎማ ጭነት ፋይል ተከፍቷል፤ በመሃሉ የእኔ ወረቀት አለ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«‹ያለ አንቺ ይህ ዙፋን ድንጋይ ነው፤ ያለ አንቺ ድንኳኔ ጨርቅ ብቻ ነው።›» ቀና አሉ። «ይሄ ዕቃ ምንድን ነው? ቀረጥ አለው?»

«ቲያትር ነው እትዬ።»

«ለጉምሩክ ልንልከው ነበር።» ወረቀቱን መለሱልኝ። በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ፣ «ድንጋይ የሚለውን ተይው፤ ከባድ ነው» አሉ። ተውኩት።

በዚህ መሃል ልዕልቷ አፈ ንጉሡን እንደምትወደው ወሰንኩ። ማስረጃዬ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ካባውን ስትሰፋለት ትከሻው ላይ ሁለት ጊዜ ለክታዋለች። ሁለተኛ፣ እኔ እሷን ብሆን እወደው ነበር። ሦስት ቀን ተሠቃይቼ ታላቅ ሰው ለመሆን ቆረጥኩ። ልብስ ስናጣጥፍ ጠጋ ብዬ፣ «ልጁ በጣም ጨዋ ነው፤ ብታስቢበት ጥሩ ነው» አልኳት።

«ማን?»

«አፈ ንጉሡ።»

ያጣጠፈችውን ቀሚስ ፈትታ እንደገና አጣጠፈችው። «ወላሂ፣ አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ?» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። እኔም የልቧን ምስጢር ስለ ነካሁባት ነው የተቆጣችው ብዬ፣ እንደ ጠረጠርኩት ነው ብዬ፣ ይበልጥ አመንኩ።

ከአዳማ ውጭ የመጀመሪያ ትርኢታችን ሁሩታ ነበር፤ እሁድ ከሰዓት፣ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ። ድንኳኑን በረንዳው ጋ ተከልን። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎቹ ከክፍል በወጣ አግዳሚ ወንበር ላይ። ጋሼ ሜዳውን ሲያዩ አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ ልዑሉ በፈረስ ቢገባስ?

«መጋለብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

ልዕልቷ አጠገባቸው ቆማለች። ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። «አያቴ እኮ አርሲ ናቸው!» አልኩ። አያቴ አርሲ ናቸው፤ እውነት ነው። እኔ ግን በሕይወቴ የወጣሁት ከፍ ያለ ነገር የሚኒባስ የኋላ ወንበር ነው።

ፈረሱ የተገኘው ከአንድ ጋሪ ነጂ ነው። ባለቤቱ ጋሪውን ፈትቶ፣ ጀርባው ላይ ቀይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ሰጠኝና፣ «የዋህ ነው፤ መንገዱን ያውቃል» አለኝ። የትኛውን መንገድ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።

ሰዓቱ ደረሰ። አፈ ንጉሡ «የፈጠጋር ልዑል መጣ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ሜዳው ውስጥ በክብር ገባሁ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እጄንም አነሳሁ። ፈረሱ ጭብጨባውን ከአለንጋ ቆጠረው መሰለኝ፣ ፍጥነቱን ጨመረ። በንጉሡ ድንኳን ፊት አለፍን፣ በልዕልቷ ፊት አለፍን፣ በትምህርት ቤቱ የኋላ በር ወጥተን አስፋልት ያዝን። እኔ አንገቱን አቅፌ «ልቀቀኝ» እለዋለሁ፤ የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። መንገድ ዳር አንዲት ሴትዮ ዘንቢል ይዘው እጃቸውን ሲያነሱ ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔንም፣ ሰይፌንም፣ ጢሜንም አይተው እጃቸውን አወረዱ፤ እንደገና ሄደ። መናኸሪያው በር ላይ፣ ዘወትር ሰው በሚጭንበት ቦታ ቆመና ጭራውን ወዘወዘ። ተንሸራትቼ ወረድኩ። ወያላው «አዳማ ነሽ?» አለኝ።

«አይ፤ ፈጠጋር» ለማለት እንኳ ትንፋሽ አልነበረኝም።

ፈረሱን እየጎተትኩ በእግሬ ተመለስኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ወስዶብኛል። ቲያትሩ አልቆ፣ ሕዝቡ ተበትኖ፣ ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ግን ሜዳው ፀጥ ብሏል። ልዕልቷ ብቻዋን መሃል ቆማ ትናገራለች። የምትናገረው የእኔን መስመሮች ነው። አራት ገጹን ሁሉ፣ የልዑሉን ንግግር ለራሷ አዙራ፣ አንድ ቃል ሳትስት፣ ጋሼ ያላዩትን እንኳ፣ ልምምድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሬው የተውኩትን የድንጋዩን ነገር ሳይቀር።

እኔን ስታይ አቆመች። አቧራ ለብሻለሁ፤ ዘውዴ ወድቋል፤ ጢሜ በላብ አገጬ ድረስ ወርዷል።

«ዘገየህ፣ ልዑል ሆይ» አለች። ቀጥሎ ያለውን ማንም አልጻፈውም። «እኔ ግን ከሰኔ ጀምሮ ስጠብቅህ ነበር። አንተ ለሌላ ሰው ልታጨኝ ትለፋለህ።»

ሕዝቡ ሳቀ። እኔ በእጄ አናቴ ላይ የሌለውን ዘውድ ፈለግሁ። ንጉሡ ምን እንደተፈጠረ ለማየት በመጋረጃው ቀዳዳ አንገቱን አወጣ። ያ ሦስት ወር የጠመድኩት አፈ ንጉሥ አንድ እርምጃ ወደፊት መጥቶ፣ በዚያ ባማረ ድምፁ፣ «ንጉሡ እንዲህ ይላሉ፦ ልዑሉን መጀመሪያ ውሃ አጠጡት!» ብሎ አወጀ። በኋላ እንደሰማሁት ቲያትሩ በጣም ተወዶ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ግን ፈረሱ ከሁላችንም የተሻለ ተጫወተ ብለዋል።

ልብስ የምንቀይረው አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ነበር። የተማሪ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና በእርጥብ ጨርቅ ፊቴን ትጠርግ ጀመር።

«አንቺ የጻፍሽው መሆኑን የማላውቅ መስሎሽ ነው?» አለችኝ። «ጋሼ ‹ድንኳኔ ጨርቅ ብቻ ነው› ብለው የሚጽፉ ይመስልሻል? ሊሰርዙት ሲሉ እንዲተውት የለመንኳቸው እኔ ነኝ።»

«አፈ ንጉሡስ?»

«አሁንም?»

ከዚያ ሳመችኝ። ወይም እኔ ሳምኳት፤ እስከ ዛሬ እንከራከርበታለን። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጭቶ የቀለም ጠርሙስ ተገለበጠ፤ ይህ ግን የእኔ ጥፋት መሆኑን አምኛለሁ።

በሩ ሲንኳኳ ተፈናጥረን ተለያየን። ጋሼ ናቸው፤ አውቶቡሱ ደርሷል ሊሉን። እኔን አዩ። ከዚያ እሷን አዩ። እኔም ያኔ ነው ያየሁት፤ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ጥቁር ጢም አብቅላለች።

«እየሞከርነው ነበር...» አልኩ። «ለሚቀጥለው፣ ለአቦምሳው ትርኢት... ልዕልቷም ጢም ቢኖራት...»

ጋሼ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ሰጧት። «ጥረጊው ልጄ» አሏት በቀስታ። «ሰው ብዙ ነው ውጭ።» በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት። ምን እንዳወቁ አልጠየቅናቸውም። እሳቸውም አንድም ቀን አላነሱትም።

ሳቁን እዚህ ላይ ላቁመው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ፍቅር በሕግም በሰፈርም ያስጠይቃል፤ ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እጃችንን ጭናችን ላይ ያደረግነው ተስማምተን አልነበረም፣ ፈርተን ነው። ስም የማልጽፈውም ለዚህ ነው። አባቷ ኮምቦልቻ ላለ ዘመድ ሊድሯት ሲያስቡ ሁለት ወር አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያ ትምህርቴን ልጨርስ ብላ አስረዘመችው፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ደግሞ ሥራ አለብኝ አለች። ቡድኑ ከአቦምሳ በኋላ ተበተነ። አፈ ንጉሡ ዛሬ ጠበቃ ነው፤ በዓል ሲመጣ ይደውልልናል፤ አሁን በጣም እወደዋለሁ።

ሁለታችን ዛሬ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ለሥራ እንዲቀርበን ነው እንላለን። ሁለት አልጋ አለ፤ አንደኛው ላይ የምትሰፋው ጨርቅ እስከ መስኮቱ ተቆልሏል። ባለፈው ዓመት እናቴ ሳትነግረኝ መጣች። አንዱን አልጋ አየች፣ ጨርቁን አየች፣ ሁለተኛውን አልጋ አየች። እኔ ስለ አየሩ ማውራት ጀመርኩ፤ ስለ አየሩ ያን ያህል የማውቅ አይመስለኝም ነበር። እናቴ አልሰማችኝም። ወደ ልዕልቷ ዞራ «ከስተሻል አንቺ ልጅ» አለቻት። «ይቺ ምግብ አትሰጥሽም እንዴ?»

በሳምንቱ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ላከችልን። ሁልጊዜ የምትልክልኝ በትንሿ ዕቃ ነበር፤ ይሄኛው በትልቅ ባልዲ ነው፣ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ። ስደውልላት «ለሁለታችሁ ነው፤ ብቻሽን እንዳትጨርሺው» ብላ ዘጋችው። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ልዕልቷ ግን ማንኪያ ይዛ ቁጭ ብላ ጀምራ ነበር።