ስንቅ የሌለው መንገደኛ

የልጅ ልጄ መቅደስ ሥራዋ የመጻሕፍት ሽፋን መንደፍ ነው። ባለፈው እሑድ ሦስት ንድፍ ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ። "አባባ፣ ጉዞን በደንብ የሚናገረው የቱ ነው?" አለችኝ። ሦስቱም ላይ መንገድ አለ፤ ሦስቱም ላይ ጀርባውን የሰጠን አንድ ሰው አለ። መነጽሬን አድርጌ ተራ በተራ አየኋቸውና "ስንቁስ?" አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ቢቸና አማርኛ አስተምር ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ያን ጊዜ የመሰለኝን ያህል ብልጥ ከዚያ ወዲህ ሆኜ አላውቅም። አብሮኝ የሚኖረው ሰዒድ የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ የወሎ ልጅ፣ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። እኔ ክርስቲያን፣ እሱ እስላም። አንዳችን የሌላውን ሥጋ ስለማንበላ፣ ማንም ቅር እንዳይለው ብለን ቤታችን ሥጋ እንዳይገባ ተስማማን። ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ እንደገና ሽሮ። እውነቱን ለመናገር እኔ እሑድ እሑድ "እስቲ ልናፈስ" ብዬ እወጣና ሥጋ ቤት ጎራ እላለሁ። ጥሬዬን ቆርጬ፣ አፌን ተጉመጥምጬ እመለሳለሁ። ለሰዒድ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

እሱ ደግሞ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ቅዳሜ በማለዳ በጭነት መኪና ሞጣ ይሄዳል። ለምን እንደሚሄድ አይናገርም። ብጠይቀው "ሰው አለኝ" ይላል፣ ያችው ናት። ጊዜው ሰው ሰውን የሚጠረጥርበት ነበር። ሞጣ ላይ ሌሊት መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት ተለጠፈ የሚል ወሬ ከመጣ ወዲህ፣ ሰዒድ ልብሱን ሲያጣጥፍ በጎን አየው ጀመርኩ። አንድ ቀን፣ ይቅር ይበለኝና፣ ቦርሳውን በረበርኩ። ያገኘሁት ፎጣና የጥርስ መፋቂያ ብቻ ነበር። ይህም አላረካኝም፤ እንዲያውም ባዶነቱ አጠራጠረኝ።

በኅዳር መጀመሪያ ሰዒድ ከሞጣ ያመጣውን አንድ መጽሐፍ መምህራን ክፍል ረስቶት ዲሬክተሩ አገኘው። ሽፋኑ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ በአቧራማ መንገድ ይሄዳል፤ ከፊቱ ቀይ ጀንበር አለች። ዲሬክተራችን የገዛ ጥላውን የሚጠረጥር ሰው ነበር። ሰዒድን፣ እኔንና ግብረገብ የሚያስተምሩትን መሪጌታ ልሳኑን ቢሮው ጠርቶ መጽሐፉን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመካከላችን አንድም ሰው አልገለጠውም።

"ይህ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው?" አለ ዲሬክተሩ።

"መንገደኛ ነው" አለ ሰዒድ።

"ጀርባውን የሰጠው ለማን ነው? ቀዩስ ምንድን ነው? እኔ ለአውራጃው መጻፍ አለብኝ፤ ንገሩኝ።"

ያ ደብዳቤ ከተጻፈ ሰዒድ ከሥራው እንደሚባረር፣ ምናልባትም እንደሚታሰር ሁላችንም እናውቃለን።

መሪጌታ መጽሐፉን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት። ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር ሲዞሩ ያደጉ ናቸውና መንገድ ያውቃሉ። "ጌታዬ፣ ውሻ የሚመልስበት ዱላ የለውም፤ ስንቅ መያዣ አኮፋዳም የለውም። ስንቅ የሌለው መንገደኛ ወይ ቤቱ ሊደርስ ነው፣ ወይ ሸሽቷል። ይኸኛው ሊደርስ ነው" አሉ።

ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ? አብረኸው ነው የምትኖረው።"

ፈራሁ። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዓመት ራሴን አልወቅስም፤ ነገር ግን የሞጣው ጥርጣሬም ነበረ፣ ብልጠቴም ነበረ። የሰውየውን እግር አየሁ። "መንገዱ አቧራ ነው፤ ጫማው ግን ያበራል" አልኩ። "ቤቱ ሊደርስ ቢሆን አቧራ ይለብስ ነበር። ገና መነሳቱ ነው።"

ሥዕሉን በትክክል አንብቤዋለሁ። ከመሪጌታ ሁለት ቃል አንዱን ሳፈርስ የሚቀረው "ሸሽቷል" ብቻ መሆኑን ያስተዋልኩት ዲሬክተሩ ብዕሩን ሲያነሳ ነው። ወይም ቀድሜ አስተውዬ ነበር፤ ይህንን እስካሁን ለይቼ አላውቀውም። ሰዒድ ቀና ብሎ አየኝ።

በማግስቱ ጧት ስነሳ አልጋው ተነጥፏል፤ ቦርሳው የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞጣ ሄድኩ። በደብረ ወርቅ በኩል ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጫጆች ገብተውበታል። እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ የይቅርታዬን ቃላት ስደረድር ደረስኩ። መምህር ሰዒድን ስጠይቅ የአንድ እስላም ልብስ ሰፊ ቤት አመለከቱኝ። ሽማግሌው ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ።

"እዚህ አድሮ አልፏል። ወዴት እንደሆነ አልነገረኝም።"

"አባቴ፣ እዚህ ምን ሊሠራ ነበር የሚመላለሰው?"

"ሥጋ ሊበላ ነዋ!" አሉ ተገርመው። "አብሮት የሚኖረው ክርስቲያን እንዳይከፋው፣ እሱ ፊት የሥጋ ነገር አላነሳም ይል ነበር። እኛ ቤት ጠግቦ በልቶ፣ ጥርሱን ፍቆ ይመለሳል። አንተ ማን ነህ?"

ጓደኛው ነኝ ለማለት አፈርኩ። ሁለታችን አንድ ነገር ተደባብቀን ኖረን፣ የተጠረጠረው እሱ ብቻ ሆነ። ሰዒድን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ በሕይወት ይኑር አይኑርም አላውቅም።

ቢቸና ስመለስ መሪጌታን ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ስንቅ የለውም ያልኩት እንድትፈርድበት አልነበረም" አሉኝ። "እንድታሰንቀው ነበር። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር።"

ይህን ሁሉ ለመቅደስ አልነገርኳትም። "እንግዲያው ምን ላድርግለት?" ስትለኝ "አንድ ትንሽ ቋጠሮ አስይዥው" አልኳት። እርሳሷን አነሳችና ሰውየው ትከሻ ላይ መሣል ጀመረች።

"ማን ሰጠው ልበል?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"አብሮት የሚኖረው ሰው" አልኳት።