ወልድያ የምትባለው ሴት

ባለፈው ሳምንት ላሊበላ በምሠራበት ቢሮ፣ አሮጌ ኮምፒውተሮቻችንን ወልድያ ካለው ዋና ማሽን ጋር የሚያገናኘውን፣ ተርሚናል ሰርቨር የሚሉትን ትንሽ ሣጥን ሳስተካክል ዋልኩ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኔትወርኩን ይረሳና አድራሻውን በእጄ ስነግረው ስለሰለቸኝ፣ ሲበራ አድራሻውን ራሱ ከኔትወርኩ ጠይቆ ራሱ እንዲገባ አደረግሁት። አጥፍቼ አበራሁት። የሞቀ ላስቲክ ሽታውን እያሸተትኩ ስጠብቅ ወልድያን ማግኘቱ በስክሪኑ ላይ ታየ፤ እኔም ሳላስበው «እንዴት አደርሽ ወልድያ» አልኩ።

ይህ ሰላምታ የእናቴ ነው። በደርግ ጊዜ እናቴ የላሊበላ ስልከኛ ነበረች፤ ማለዳ ስልክ ቤቱን ከፍታ የስልኩን እጀታ ደጋግማ ታዞርና «ወልድያ! ወልድያ! ላሊበላ ነኝ» ትላለች፤ ከማዶ ያለችው ስልከኛ «ወልድያ ነኝ» ካላለች ከተማችን ከማንም ጋር አልተገናኘችም ማለት ነው። ቄሱም ገበሬውም ተራውን ይጠብቃል፤ ሁለቱ ስልከኞች ግን «እንዴት አደርሽ ወልድያ»፣ «ወልድያን ጉንፋን ይዟታል»፣ «ላሊበላ ወገቧን አሟታል»፣ «ገብሳችሁ ያዘ ወይ?» ሳይባባሉ ለማንም መስመር አይሰጡም። አንድ መሪጌታ ወልድያ ሩቅ ናት ብለው ሲጮኹ እናቴ «አባ፣ በስልኩ ይንገሯት እንጂ፣ በመስኮቱ ከሆነማ ስልኩ ምን ሊያደርግልዎ» ያለቻቸው ትዝ ይለኛል። እኔ ደግሞ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ድምጿን ስለምሰማ፣ ወልድያ የሚባለው አገር በሙሉ አንዲት የምታስል፣ ሳቂታ ሴት ይመስለኝ ስለነበር፣ መምህራችን በካርታ ላይ ሲያሳዩን «ዛሬ ተሽሏታል» ብዬ ክፍሉን አስቄ ተንበርክኬያለሁ።

ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ስም እንኳ አልተጠያየቁም፤ አንዷ ወልድያ፣ አንዷ ላሊበላ፣ በቃ። አንድ ዓመት ወልድያ ለገና ልትሳለም እንደምትመጣ ቃል ሰጠች፤ እናቴም አልጋዋን ለእንግዳዋ አንጥፋ፣ ከእኔ ጋር መሬት ለመተኛት ተሰናዳች። ገናው ሳይደርስ ውጊያው ደረሰ፤ የስልክ እንጨቶቹ ወደቁ፣ መስመሩም ጭጭ አለ። እናቴ ግን ያን የሞተ ስልክ በየማለዳው ታዞረው ነበር። ምን ሆነች ብለው ሲስቁባት «መስመሩ ሲመጣ እንዳታጣኝ ነው» ትላለች።

ሲከርም መስመሩ ተጠገነ። አዙራ ብትጠራ «አቤት፣ ወልድያ ነኝ» አለ የአንድ ወጣት ወንድ ድምፅ።

«ወልድያስ የት ሄደች?» አለችው።

«እትዬ፣ ወልድያ እኮ እኔ ነኝ።»

ውላ ሳታድር በጭነት መኪና ወልድያ ወረደች። ስልክ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ አዲስ ሰው ነው፤ የድሮዎቹ በውጊያው ተበትነዋል፤ የምትፈልጊያት ሴት ስሟ ማን ነው ሲሏት «ወልድያ» አለቻቸው። ገበያ ወጥታ፣ እኩያዋ የምትመስላትን ነጋዴ ሁሉ የሽንኩርት ዋጋ ስትጠይቅ ዋለች፤ መልኳን አታውቅማ፣ የምታውቀው ድምጿን ብቻ ነው። አንድ ራስ ሽንኩርት ሳትገዛ፣ ሆድ ብሷት ተመለሰች። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ የለም? እኔ ስሟን ምን አስጠየቀኝ፣ ወልድያ ነበረቻ» እያለች አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር ተሳላሚው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀምጣ ድምፅ ስትሰማ ትውላለች። ዘንድሮም ደግፌ አወጣኋት። አሁን ግን ጆሮዋ ደክሟል፣ የቅርቡን እንኳ አይለይም፤ ስለዚህ ክንዴን ይዛ «አንቺ ስሚልኝ» አለችኝ። ይህ ሣጥን በቅጽበት የሚያገኛትን ወልድያን ፍለጋ፣ የሚያልፈውን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሳዳምጥላት ዋልኩ። በየመሐሉ ወደ እኔ ዞራ «መጣች?» ትለኛለች፤ «ገና ናት፣ እማ» እላታለሁ።

እንዴት ብዬ ልንገራት? ያን ድምፅ እኔ ረስቼዋለሁ።