የድጋፍ ደብዳቤ ያመጣው ሰውዬ

ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ኪቦርዱ ዘለለ። ጫማው ቡና የሚያመርትበትን የአሪቻ መንደር ቀይ ጭቃ እንደያዘ ነው። ለቡና ገዢዎች የላከው ኢሜይል ሁሉ ተመልሶበታል፤ አድራሻው የአይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ጥቁር መዝገብ ላይ በስህተት ሰፍሯል። እሱም ጨዋነቱን የሚመሰክር፣ የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መጣ።

"ይኼን ላኪላቸው!"

"ጋሼ፣ መዝገቡን የያዙት ማኅተም አያዩም" አለች የቤቱ ባለቤት ሀዊ። "ከመዝገቡ እንዲያወጡዎት ጥያቄ ልኬያለሁ። እስኪጣራ ሁለት ቀን ይጠብቁ።"

የፕላስቲክ ወንበሩን አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው።

ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን ሲለቅም ነው፣ አጠገቡ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ጣቶቹን ያየሁት። አራቱ ጥፍር የላቸውም።

"ያኔ ሲያስሩኝም ስሜ መዝገብ ውስጥ የገባው በስህተት ነበር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እስኪጣራ ጠብቅ አሉኝ።"