ብልጭ ሳይል የተነሳችው እማዬ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ እማዬን ሶፋው ላይ አስቀምጬ «ዛሬ ሳትስቂ አልለቅሽም» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው... አባቴ ሳቂታ ነበር። ካዛንቺስ ሰፈራችን ውስጥ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ነበር የሚደርሰው። ሲሞት ግን ድንኳኑ ውስጥ የቆመው ፎቶ ከመታወቂያው ላይ ተወስዶ ትልቅ ተደርጎ የታተመው ነበር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ አንድ የተቆጣ ሰውዬ አይቶ ሄደ። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። እማዬም ካሜራ ካየች ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከንፈሯን ገጥማ ቀጥ ነው። እሷን እንደዛ ላስቀራት አልፈለግኩም።

በስልክ ሞክሬ ነበር። ገና ሳነሳው «ቲክቶክ ላይ ልትለጥፊኝ ነው» ብላ ፊቷን ትሸፍናለች። ስለዚህ ሜክሲኮ አደባባይ ካለ ሱቅ ያገለገለች፣ ስስ ዲጂታል ካሜራ ገዛሁ። ወንድሜ ዳዊት ሲያያት ሳቀብኝ፤ ስልክሽ በስንት ጣዕሙ አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ግማሹ ልክ ነው። ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል። ብርሃን ያነሰው ቤት ውስጥ ፎቶዋ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ፍላሽ ሲበራ ደግሞ የሰው ዓይን ቀይ ይሆናል። ስትከፈት ሌንሷ ዝዝዝ እያለ ነው የሚወጣው፣ እማዬ ያን ከሰማች አለቀ። ግን ኪስ ትገባለች፣ ከሩቅ ስባ ስታመጣም ከስልኬ ትሻላለች... ከሁሉም በላይ ኢንተርኔት የላትም። ይሄን ስነግራት ነው እማዬ እሺ ያለችው።

እና አነሳኋት፣ ደጋግሜ። ሁሉም የመታወቂያ ፎቶ! በቃ አልተውም ብዬ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ፍላሹን አጠፋሁና አንድ አነሳሁ።

«ብልጭ አላለም እኮ» አለች እማዬ። እሷ ዘንድ ብልጭ ካላለ ፎቶ አልተነሳም።

«ተበላሸች መሰለኝ» አልኩ፣ ካሜራዋን ሳላወርድ።

ትከሻዋ ወረደ። ነጠላዋን ለቀቀችው። ዳዊትን ጠርታ እህትህ ቆርቆሮ ሸጠውላት መጣች ስትለው ሳቋ አመለጣት... ያ ጥርሷ በሙሉ የሚታይበት፣ እንባዋን የሚያመጣው ሳቅ። ቁልፉን ተጫንኩት። ወዲያው ባትሪዋ አልቆ ካሜራዋ ጠፋች።

ቻርጅ አድርጌ አሳየኋት። ፎቶው ጥራት የለውም፣ ጠርዙ ሁሉ ደብዝዟል። ካሜራዋን ተቀብላኝ ብዙ አየችው። አጥፊው ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፦

«የአባትሽ ፎቶ ነው አይደል እንዲህ ሙጭጭ ያስባለሽ?» አለችኝ።

ካሜራዋን መልሳ ሰጠችኝ።

«በይ ይቺን አሳጥቢያት። ግን እኔ በሕይወት እያለሁ ትሰቀል።»

ሰኞ አሳጥቤ ሰቀልኳት። ይኸው አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር እማዬ ስሯ ቆማ «ብልጭ ሳይል ሰርቃኝ እኮ ነው» እያለች ትከሰኛለች... እየሳቀች።